ወሬኛዎቹ ታንኮች ይቅደሙ

በሰላም መኖር የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገሮችን ደረጃ አያወጣላቸውም፦ የዘመዶቹን ልጆችና «ጎስት ኢን ዘ ሼል»ን። የመጀመሪያው ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የሁለተኛው ጉዳት ግን በአገራችን ገና በደንብ ስላልታወቀ ትንሽ ላብራራ።

«ጎስት ኢን ዘ ሼል» የጃፓን ታሪክ ነው። መነሻው ማሳሙኔ ሺሮ በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ፣ ፊቱን ለአደባባይ የማያሳይ ሠዓሊ ከ1989 ጀምሮ በኮዳንሻ መጽሔት ላይ ያወጣው ማንጋ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው። በእኛ ከቆጠርኩማ ታሪኩ የሚፈጸምበት 2029 ወደ 2021 ይወርድና አንባቢ ደንግጦ ጎረቤቱን መጠራጠር ይጀምራል።) በዚያ ዘመን የሰው አንጎል በቀጥታ ከኔትወርክ ጋር ይገናኛል። እጅና እግር፣ ዓይንና ጉበት ከፋብሪካ ይወጣል። ሌባም ኪስ መግባቱን ትቶ አንጎል ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለውን ሌባ የሚያሳድደው መምሪያ 9 የሚባል የመንግሥት ቡድን ሲሆን፣ ከፊት የምትመራው ሻለቃ ሞቶኮ ኩሳናጊ ናት። ሻለቃዋ ከአንጎሏ በቀር ሁለመናዋ የተሠራ ነው። ከዚያ ሁሉ ብረትና ሽቦ መካከል «እኔ» እያለ የሚናገረውን ነገር ጎስት ይሉታል። እናም ሁሉም ሰው ጎስት ይኑረኝ አይኑረኝ እያለ ይጨነቃል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ተጨንቀዋል፤ በፊልም ተጨንቀዋል፣ በቴሌቪዥን ተጨንቀዋል፣ በኔትፍሊክስም ተጨንቀዋል።

በአድናቂዎቹ ዘንድ አንደኛው ቦታ ድሮ የተያዘ ነው። ማሞሩ ኦሺ በ1995 ያወጣው ፊልም አንደኛ፣ ከዚያ በታች እንደ ፍጥርጥራችሁ። እኔ ያንን ፊልም ሁለተኛ አደርገዋለሁ። አንደኛዬ በ2002 የጀመረው «ስታንድ አሎን ኮምፕሌክስ» የሚባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ነው። ምክንያቴም አንድና አንድ ነው፤ እዚያ ውስጥ ታንኮቹ ያወራሉ።

ታንኮቹ ታቺኮማ ይባላሉ። ሰማያዊ ናቸው፣ ባለ አራት እግር ናቸው፣ ግድግዳ ይወጣሉ፣ መትረየስ ታጥቀዋል፣ ድምፃቸው ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ሁሉንም የምትናገርላቸው ሳኪኮ ታማጋዋ የምትባል አንዲት ተዋናይ ናት። ስለዚህ ተሰብስበው ሲከራከሩ ሴትዮዋ ከራሷ ጋር ነው የምትጣላው፤ ያውም አንድም ቀን ሳትሸነፍ። የታንኮቹ አእምሮ እየተቀናጀ አንዱ ያየውን ሁሉም እንዲያውቀው ተደርጎ ነው የተሠራው። መንግሥት አንድ ዓይነት ወታደር ፈለገና አንድ ዓይነት ወታደር አሠራ። ግን ባቶ የሚባል ደልዳላ የቡድኑ አባል አለ፤ ከመካከላቸው አንዱን የኔ ነው ብሎ ያሞላቅቃል። ለሌሎቹ የፋብሪካ ዘይት ሲቀዳ ለዚያኛው የተፈጥሮ ዘይት ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ነገር ይበላሻል። ታንኮቹ ማሰብ ይጀምራሉ። ማሰብ ብቻም አይደለም፤ ሥራ በሌለበት ሰዓት በመጋዘናቸው ክብ ሠርተው ወሬ ይይዛሉ። ሞት ምንድን ነው? እኛስ ጎስት አለን? ያኛው ለምን ከእኛ የተለየ ዘይት ይጠጣል? አንዱ ደግሞ ከጨዋታው ወጥቶ ጥግ ላይ የወረቀት መጽሐፍ ያነባል። በየክፍሉ መጨረሻም የራሳቸው የሆነች አጭር የቀልድ ጊዜ አላቸው።

አንዷን ክፍል ሳልጠቅስ አላልፍም። ከታንኮቹ አንዱ ከግቢ ጠፍቶ ከተማ ይወጣል። መንገድ ላይ ውሻዋ የጠፋባት ሕፃን ያገኛል፤ እሱም ሥራ ስለሌለው አብሯት ይፈልጋል። ውሻው ሞቷል። መትረየስ የታጠቀው መሣሪያ ሞትን የሚማረው ከዚያች ልጅ ነው። ሌሎቹ ጀግኖች ይህን ትምህርት ለማግኘት ስንት ሕንፃ አፍርሰዋል!

ሻለቃዋ ወሬውን ስትሰማ ትሰጋለች። ልክ ናት፤ ለምን እያለ የሚጠይቅ መሣሪያ ተኩስ ሲባል ይዘገያል። ስለዚህ ትጥቃቸውን አስፈትታ ትበትናቸዋለች። በመጨረሻ ባቶ ሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን ከተበተኑበት ይመጣሉ። ማንም አላዘዛቸውም፣ መሣሪያም የላቸውም። የሆነውን አልናገርም፤ እኔ ግን በሰማያዊ ታንክ ማልቀስ የሚያሳፍር አይመስለኝም። በዚህ ታሪክ ሁሉ ውስጥ ነፍስ ይኑረኝ አይኑረኝ እያለ የሚጨነቀው ሰው አንድም መልስ አላገኘም። ያገኙት ቁጭ ብለው ወሬ የያዙት ናቸው።

ስለ ታንኮቹ ብዙ ብዬ ዋናውን ታሪክ ልረሳው ነበር። ኬንጂ ካሚያማ የመራው ይህ ባለ 26 ክፍል ተከታታይ ሳቂው ሰው የሚባል የኮምፒውተር ሰርሳሪ ያሳድዳል። ሳቂው ሰው ፊቱን የሚሸፍነው በጨርቅ አይደለም፤ በሚያየው ሰው ሁሉ ዓይን ውስጥ ገብቶ በፊቱ ቦታ የሳቅ ምልክት ይለጥፋል። ከተማ ሙሉ ሰው ያየዋል፣ ማንም ግን መልኩን አያውቅም። ከዚያ አስመሳዮች ይበዛሉ። አንዱ ተነሥቶ ሳቂው እኔ ነኝ ይላል፣ ሌላውም ይላል፣ የአስመሳይ አስመሳይ ይመጣል። መርማሪዎቹ ወደ መነሻው ሲሄዱ ሁሉም የገለበጠው ዋና ቅጂ በቦታው የለም። ይህ የተሠራው ፌስቡክ ከመወለዱ በፊት ነው። ዛሬ ከየት እንደተነሣ የማይታወቅ ወሬ ሺህ ሰው ሲቀባበለው እያየን ስለምንውል አይደንቀን ይሆናል፤ ያኔ ግን ትንቢት ነበር። ሙዚቃው የዮኮ ካኖ ነው። መክፈቻውን የዘፈነችው ኦሪጋ የምትባል ሩሲያዊት ናት፤ የመዝለያውን ቁልፍ ተጭኜ አልፌያት አላውቅም።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ። የ1995ቱ ፊልም ሁለተኛ መሆኑ ቅር ላለው ሁሉ፣ ፊልሙን ከእኔ በላይ የሚያከብር ሰው የለም እላለሁ። ርዝመቱ ከሰዓት ተኩል በታች ነው፤ ክብደቱ ግን ሌላ ነው። በመክፈቻው የሻለቃዋ አካል በፈሳሽ ውስጥ ሲሠራ ኬንጂ ካዋይ ያቀናበረው ዝማሬ ይሰማል፤ ቃሉ የጥንት ጃፓንኛ፣ የድምፁ አወጣጥ ደግሞ ከቡልጋሪያ የባላገር ሴቶች ዝማሬ የተወሰደ። መሐል ላይ ወሬም ተኩስም ሳይኖር ካሜራው ከተማዋን ይዞራል። ሆንግ ኮንግን አይተው የሣሏት ከተማ ናት፤ ዝናብ፣ ቦይ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ። ሻለቃዋ በጀልባ ስታልፍ ቁርጥ እሷን የምትመስል ሴት መስኮት ዳር ተቀምጣ ታያለች። ያቺ ሌላ ሰው ናት፤ አካላቸው ግን ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ታሪኩ አንዲት ቃል አይናገርበትም፣ ያልፋል።

የቆሻሻ መኪና ሠራተኛውም አለ። ሚስቴ ልትፈታኝ ነው፣ ልጄን ልታስቀርብኝ ነው እያለ የሚያዝን ምስኪን ሰው ነው። ፖሊስ ይዞት ያስረዳዋል፤ ሚስት የለህም፣ ልጅም አልነበረህም፣ ትዝታው በአንጎልህ የተተከለ ነው። የልጁን ፎቶ ለባልደረባው ሲያሳይ የከረመ አባት ፎቶውን ያያል፤ ሕፃን የለችበትም። ይህን ትዝታ ማጥፋት አይቻል ይሆናል ሲሉት የሰውዬው ፊት ላይ የሚታየውን በቃል አልገልጸውም።

የሻለቃዋ ኑሮ ራሱ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የተጻፈ ነው። አካሏ የመንግሥት ንብረት ነው። ሥራ ልልቀቅ ብትል ክሊራንስ ለመጨረስ እጅ እግሯን፣ በዚያ አካል ሳለች ያጠራቀመችውንም ትዝታ ማስረከብ አለባት። ከንብረት ክፍል ጋር ተጨቃጭቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል። ደግሞ ከባቶ ጋር ጀልባ ላይ ቢራ ይጠጣሉ፤ ሰውነታቸው ግን አልኮሉን በሰከንዶች ውስጥ አጣርቶ ስለሚያወጣው ስካር የለም። እንግዲህ ስካር ከሌለው ቢራ ላይ ተቀምጠው ስለ ነፍስ ያወራሉ! የፊልሙ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ሰው አፉን ሲከፍት የመጨረሻ ኑዛዜውን የሚናገር ይመስላል። ኦሺ በማንጋው ውስጥ የነበሩትን ወሬኛ ታንኮች አውጥቷቸዋል። በፊልሙ የቀረው ታላቅ ታንክ አንድ ነው፤ እሱም ድምፁን አጥፍቶ ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን የሕይወት ዛፍ ከሥር ወደ ላይ በጥይት ይበሳል። ዋቾውስኪዎቹ ከዚህ ፊልም ተነሥተው በ1999 «ማትሪክስ»ን ሠሩ፤ እዚያም ማንም ሲስቅ አላየሁም።

ፊልሙን አንድ ቀን ሳሎን ከፍቼ እናቴ ገባች። ሻለቃዋ ከዓይን የሚሰውረውን ልብስ ለብሳ ስትዋጋ ልብሱ የሰውነቷን ቀለም ስለያዘ ምንም ያልለበሰች ትመስላለች። ትግሉ ሲያልቅ ባቶ ፊቱን ዞር አድርጎ የራሱን ጃኬት ትከሻዋ ላይ ይጥላል። እናቴ ቆማ አየች።

«ይቺ ልጅ ልብስ የሚገዛላት ዘመድ የላትም?»

«መንግሥት ነው ያሠራት፣ እማ።»

«መንግሥት!» አለችና ራሷን ነቀነቀች። ቀጥላ ወደ ባቶ ጠቆመች። «እሱ ግን ያሳደገው ሰው አለ። አግብቷል?»

አላገባም። ውሻ ነው ያለው። ውሻው በ2004 በወጣውና ካን ፌስቲቫል ለዋናው ሽልማት በተወዳደረው «ኢኖሰንስ» ውስጥ ይገኛል፤ አምሳያው የዳይሬክተሩ የኦሺ የራሱ ውሻ ነው። ስሙ ጋብሪኤል ነው። ይህን እናቴ አትስማ። ባቶ ከሥራ ደክሞት ይገባል፣ የውሻውን ምግብ በሳህን ይሰጣል፣ ይቀመጣል፣ ረጅም ጆሮ ያለው ውሻ ይጠጋዋል። ከዚያ ሁሉ ውበት ውስጥ ለእኔ የምትበቃኝ እሷ ትዕይንት ናት። የቀረው ጊዜ ሁለት ፖሊሶች በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በኮንፊሽየስና በሚልተን እየተጠቃቀሱ ነፍሰ ገዳይ ሮቦት ያሳድዳሉ። እንደምን አደርክ የሚል አጣሁ። ሥዕሉ ከሁሉም ይበልጣል፤ አምስተኛ አድርጌዋለሁ፤ አምስተኛነቱም የውሻው ነው ማለት ይቻላል።

ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ተነሣብኝ። የእሱ ዝርዝር ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው፣ ሁለቱም የኦሺ። ሌላውን ሁሉ «ይዘት» ይለዋል፣ በንቀት።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ የምታየው ለታንክ ቀልድ ነው።»

«አዎ።»

«ፍልስፍናውስ?»

«ታንኩን ጠይቀው፤ መጽሐፍ እያነበበ ነው።»

ሦስተኛዬን ስነግረው ግን ዝም አለ። በ2006 የወጣው «ሶሊድ ስቴት ሶሳይቲ» የሚባለው ረጅም ፊልም ነው። ሻለቃዋ ቡድኑን ትታ ሄዳለች፤ በቦታዋ የተሾመው ቶጉሳ ነው። ቶጉሳ በመምሪያ 9 ውስጥ ባለትዳሩ፣ አካሉን እምብዛም ያላስለወጠው፣ ዘመኑ ያለፈበት ሪቮልቨር የሚይዘው ሰው ነው። ሻለቃዋ ወደ ቡድኑ ያመጣችው ራሱ ተራ ሰው በመሆኑ ነው፤ ሁሉም አባል አንድ ዓይነት ከሆነ ቡድኑ በአንድ ድክመት ይወድቃል ብላ። እኔም በየመሥሪያ ቤቱ የተቀጠርኩት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ታሪኩ ጧሪ አጥተው ቤታቸው ከአልጋ የዋሉ፣ ከመታከሚያ ማሽን ጋር የተያያዙ ሽማግሌዎችና የሚጠፉ ሕፃናት ታሪክ ነው። አንድ ቀን የቶጉሳን አንጎል ይይዙታል። ሴት ልጁን መኪና ውስጥ አስቀምጦ ወደ ሆስፒታል ይነዳል፤ እጁ መሪውን ይዟል፣ የሚነዳው ግን እሱ አይደለም። ልጅህን ስጠን ወይም ራስህን ግደል ይሉታል። ሽጉጡን ወደ ራሱ ያዞራል። ልጅ ያለው ሰው ያንን ትዕይንት ቁጭ ብሎ አያየውም፤ እኔም ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጥቼ በር ሥር ቆሜ ነው የጨረስኩት።

አራተኛው የ«ስታንድ አሎን ኮምፕሌክስ» ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። ሦስት ሚሊዮን ያህል ስደተኞች ጃፓን ገብተው፣ ርካሽ ጉልበታቸው ሲፈለግ ተጋብዘው፣ ሳይፈለግ ሲቀር ናጋሳኪ ውስጥ ዴጂማ ላይ ተከማችተው የሚኖሩበት ታሪክ ነው። ዘመድ ወደ ዐረብ አገር የሸኘ ሰው እንደ ጃፓኖቹ ተረጋግቶ አያየውም። ፖለቲካው ይከብዳል፤ አንዳንዱን ክፍል ማስታወሻ ይዤ ካላየሁት አይገባኝም። መጨረሻው ግን የታንኮቹ ነው። ኑክሌር ሚሳይል በስደተኞቹ ላይ ሲላክ ታቺኮማዎቹ አእምሯቸው የተቀመጠበትን ሳተላይት ከሰማይ አውርደው ያጋጩታል፤ የልጆች መዝሙር እየዘመሩ። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ዓይኑን ማሸት ያበዛል። አቧራ ነው ይላል።

ከዚህ በታች በቶሎ እንለፍ። በ2013 የጀመረው «አራይዝ» የሻለቃዋን ወጣትነት ያሳያል፤ ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ማግሥቱን ይረሳል። ለዓመታት የሻለቃዋ ድምፅ የነበረችው አትሱኮ ታናካ እዚያ የለችም፤ የተናገረችው ማያ ሳካሞቶ ናት። ይቺው ማያ በ1995ቱ ፊልም መጨረሻ ሻለቃዋ በሕፃን አካል ስትነቃ የተሰማችው ድምፅ ነበረች፤ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቂሜን ትቻለሁ። ታናካ በ2024 አርፋለች።

ኔትፍሊክስ በ2020 ያመጣው «2045» ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ለስላሳ ናቸው፣ ላብ የሚባል አያውቃቸውም። ያም ሆኖ ባቶ ባንክ ውስጥ ወረፋ ሲጠብቅ ሽማግሌ ዘራፊዎች የሚገቡበት አንድ ክፍል አለ፤ ለእሱ ስል ሰባተኛ አድርጌዋለሁ። ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ሰው ጨዋታ መጀመሩ አይቀርም፤ እዚያም አልቀረ።

ስምንተኛው በ2017 ስካርሌት ጆሃንሰን ሻለቃዋን ሆና የሠራችበት የሆሊውድ ፊልም ነው። ለምን ጃፓናዊት አልሆነችም ተብሎ ዓለም ተናወጠ፤ ኦሺ ራሱ ምን አለበት ብሎ ተከላከለላት። እኔ የወደድኩት ታኬሺ ኪታኖን ነው። አለቃው አራማኪን ሆኖ በጃፓንኛ ያዛል፣ ሠራተኞቹ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፣ ማንም ምን አልክ አይልም። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ቤት እራት ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ቴክኖሎጂ ያውቀዋል፤ እናት በአማርኛ ትቆጣለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ያኮርፋል፣ ምግቡ ይበላል።

ማንጋውን ከውድድር ውጭ አድርጌዋለሁ፤ አባት ከልጆቹ ጋር አይሮጥም። ደግሞም ሺሮ በየገጹ ኅዳግ ላይ ስለ ጦር መሣሪያው፣ ስለ አንጎሉ፣ ስለ ፖለቲካው በደቃቅ ፊደል የሚጽፈው ማብራሪያ ከተጨመረ ከሁሉም የበለጠ ወሬኛ ራሱ ደራሲው ነውና አንደኝነቱን ይወስድብኛል።

የቀረው «2.0» ነው። ኦሺ በ2008 የ1995ቱን ፊልም መልሶ አወጣው፤ አንዳንዱን ትዕይንት፣ መክፈቻውን ጨምሮ፣ በኮምፒውተር አዲስ አሠርቶ፣ አረንጓዴውን ቀለም ወደ ብርቱካናማ ቀይሮ፣ የአሻንጉሊት ጌታ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ የወንድ ድምፅ በሴት አስተክቶ። የት ይቀመጥ? የእህቴ ልጅ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ የተበላሸ ቅጂ ነው አለ።

«ቆይ፣» አልኩት፣ «ሻለቃዋ አካሏን ስትለውጥ ያው ራሷ ናት ብለህ ማታ ሙሉ አልተከራከርክም?»

«እሷ ጎስት አላት።»

«ፊልሙም ያው ጎስት ነው፤ አካሉን ነው ያስለወጠው። ከዋናው ጎን ሁለተኛ ይቀመጥ።»

ትንሽ አሰበ። አስተሳሰቡ አላማረኝም።

«እሺ ጋሼ፣ ይቀመጥ። ግን በዚህ ሕግ የሆሊውዱም ያው ጎስት፣ ሌላ አካል ነው። እሱም ሁለተኛ ይሁን።»

«2.0»ን ወዲያው ሰረዝኩት።